የመንጋጋ አጥንት ንቅለ ተከላ ከኢምፕላንት በፊት፦ ከጥርስ መነቀል እስከ ብሎኑ መግቢያ ቀን

«ኢምፕላንት ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን አጥንት መጨመር አለበት።» ኢምፕላንት ለሚተካው ጥርስ ሥር ሆኖ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ ብሎን ነው። ይህን ከጥርስ ሐኪም የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ስጋት ይዞ ይወጣል። አንደኛው ከዳሌዬ ወይም ከሌላ አካሌ አጥንት ሊቆረጥ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ነገሩ ለወራት ሊጓተት ነው የሚል። የመጀመሪያው ለአብዛኛው ሰው አይደርስም፤ ጥቂት ጥርስ ለመተካት ዳሌ ድረስ የሚያስኬድ ሁኔታ ብዙ አይደለም። ሁለተኛው ግን እውነት ነው። ወራቱን ለማሳጠር የሚደረግ ችኮላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ወራት ያስከፍላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። ሐኪሙ የሚጨምረው ፍርፋሪ መሰል ቅንጣት እዚያው እንደተቀመጠ አጥንት አይሆንም። ለሐረግ እንደሚተከል ባላ ነው፤ ተንጠላጥሎ የሚወጣበት የእርስዎ የራስዎ የደም ሥርና የአጥንት ሴል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ፣ ስለ ሲጋራም ይሁን ስለ ማስነጠስ፣ የሚጠብቀው ሦስት ነገር ነው፦ ቦታው ደም እንዲያገኝ፣ እንዳይነቃነቅ፣ ከምራቅና ከባክቴሪያ ተዘግቶ እንዲቆይ።

አጥንቱ የት ሄደ?

ጥርስን የያዘው የመንጋጋ ክፍል የሚኖረው ለጥርስ ሲል ነው። ጥርሱ ሲነቀል ሥራ ያጣል፤ ሰውነትም ሥራ የሌለውን አጥንት አያቆይም። በተለይ ወደ ከንፈርና ወደ ጉንጭ የዞረው ግድግዳ ስስ ነው፤ የፊት ጥርሶች ላይ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህ ግድግዳ ደሙን በከፊል የሚያገኘው ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር ከሚያያይዘው ጅማት ነው። ጅማቱ ከጥርሱ ጋር ሲሄድ ግድግዳው ይሟሟል። በመጀመሪያው ዓመት የቦታው ስፋት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ከሚጠፋው ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ቁመቱም ይቀንሳል፣ ግን እንደ ስፋቱ አይደለም።

በላይኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ችግሩ እጥፍ ነው። ከመንጋጋ ጥርሶቹ ሥር በላይ ሳይነስ የሚባለው አየር የያዘ ክፍት ቦታ አለ። ጥርሶቹ ሲጠፉ ሳይነሱ ወደ ታች ይሰፋል፣ አጥንቱ ደግሞ ከአፍ በኩል ይሳሳል፤ በመካከል የሚቀረው ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። በታችኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ደግሞ ገደቡን የሚያበጀው ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ነው። ድድ ላይ የሚቀመጥ ተነቃይ ጥርስ ለዓመታት ሲጠቀሙ የቆዩ ሰዎች ላይ የማያቋርጠው ጫና መሳሳቱን ይጨምርበታል።

ለኢምፕላንት ምን ያህል አጥንት ይበቃል? ብዙ ጊዜ የሚገባው የታይታኒየም ብሎን ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በዙሪያው ቢያንስ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር አጥንት ይፈለጋል፤ ስለዚህ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያስፈልጋል ማለት ነው። ከጎረቤት ጥርስ 1.5፣ በሁለት ኢምፕላንቶች መካከል 3፣ ከታችኛው ነርቭ ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀት ይጠበቃል። «አጥንት የለዎትም» የሚለው ንግግር ከእነዚህ ልኬቶች አንዱ ጎደለ ማለት ነው እንጂ መንጋጋዎ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም።

የስዊድኑ ተመራማሪ ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ ታይታኒየም ከሕያው አጥንት ጋር ተጣብቆ እንደሚቀር ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1952 ነበር፤ የመጀመሪያውን የሰው ታካሚ ያከመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በዚያው በ1965 አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ማርሻል ዩሪስት ማዕድኑ ከወጣለት አጥንት ውስጥ አዲስ አጥንት እንዲበቅል የሚያደርግ ነገር እንዳለ አሳተመ። ብሎኑም አጥንቱም በአንድ ዓመት መነሳታቸው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ዛሬ ግን አንዱ ያለ ሌላው ብዙ አይራመድም።

ደረጃ 1፦ ጥርሱ ገና ካልተነቀለ እዚህ ይቁሙ

ከመንቀያው ወንበር ላይ ከመቀመጥዎ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ወደፊት እዚህ ቦታ ኢምፕላንት ልፈልግ እችላለሁ፤ አጥንቱን ለማቆየት ምን ይደረጋል?» የሚለው ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚጠይቀው ጥርሱ ከወጣ ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ቀላሉ መንገድ አልፏል።

ቀላሉ መንገድ ጉድጓዱን መሙላት ነው። ጥርሱ አጥንቱን ሳይሰብር በጥንቃቄ ይወጣል፤ ብዙ ሥር ያለው ከሆነ ተከፋፍሎ ሥሮቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። የተበከለው ሥጋ ይጠረጋል፣ ጉድጓዱ በአጥንት ቅንጣት ይሞላል፣ ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን በተሠራ ሽፋን ይሸፈናል፣ ይሰፋል። ከነቀላው ጋር በአንድ ቀጠሮ ያልቃል፤ የሚጨምረውም ጊዜ ትንሽ ነው። መሳሳቱን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፣ ይቀንሰዋል እንጂ። ያም ሆኖ በኋላ ከሚመጣ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ሊያድን ይችላል።

ለሁሉም ጥርስ አያስፈልግም። ኢምፕላንት የማይገባበት ቦታ ከሆነ መሙላቱ ትርጉም የለውም። ግድግዳዎቹ ወፍራምና ያልተነኩ ከሆኑ ሐኪሙ ጉድጓዱ በራሱ እንዲድን ሊተወው፣ ወይም ኢምፕላንቱን በዚያው ቀን ሊያስገባ ይችላል። የፊት ጥርስ ከሆነና ስሱ ግድግዳ ካለ ግን ጥያቄውን ሳይጠይቁ አያስነቅሉ።

ደረጃ 2፦ ጥላ ሳይሆን ልኬት ያግኙ

ሙሉ መንጋጋን በአንድ ጠፍጣፋ ምስል የሚያሳየው ራጅ ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ግን ቁመትን እንጂ ስፋትን አያሳይም፣ መጠንንም ያዛባል። አጥንት መጨመር አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ውሳኔ የሚያስተማምነው በሦስት አቅጣጫ ከሚያነሳው፣ ሲቢሲቲ ከሚባለው የጥርስና የመንጋጋ ሲቲ ስካን ሲነሳ ነው። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ሊሆኑ ይችላሉ ብለው ከጠረጠሩ ከመነሳትዎ በፊት ይናገሩ።

ምስሉ ሲመጣ ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። የላይኛው ጫፍ ስፋት ስንት ነው? እስከ ነርቩ ወይም እስከ ሳይነሱ ስንት ሚሊ ሜትር አለ? የጎደለው ስፋት ነው ወይስ ቁመት? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሌሎቹ ይበልጣል፤ ስፋት መጨመር በአንጻሩ የሚቀና ሥራ ሲሆን፣ ከሳይነስ ውጭ ቁመት መጨመር ግን በዘርፉ ውስጥ ካሉት ከባድ ሥራዎች አንዱ ነው። በላይኛው መንጋጋ ከሆነ ሳይነሱ ንጹሕ ነው ወይስ ሽፋኑ ወፍሯል የሚለውም ይታያል፤ የቆየ የሳይነስ ሕመም ካለ መጀመሪያ እሱ ይታከማል።

ጥሩ ዕቅድ ከላይ ወደ ታች ይሠራል። መጀመሪያ ጥርሱ የት ቦታ፣ በምን አቅጣጫ መቆም እንዳለበት ይወሰናል፤ ከዚያ ለዚያ ጥርስ ብሎኑ የት ይግባ፤ በመጨረሻ ለዚያ ብሎን አጥንት ይበቃል ወይ። አጥንት ባለበት ሁሉ ብሎን ቀብሮ በኋላ ጥርስ ለማስማማት መሞከር ጠማማ ውጤት ያመጣል።

ደረጃ 3፦ የጤና ታሪክዎን ሳያስቀሩ ይናገሩ

የጥርስ ሐኪም ስለ ስኳርና ስለ አጥንት መድኃኒት ለምን ይጠይቀኛል የሚል አለ። የሚጠይቀው ባላውን የሚወጣበት ሴል የእርስዎ ስለሆነ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊደበቅ የማይገባው ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር የሚሰጡ መድኃኒቶች ጉዳይ ነው፤ አሌንድሮኔት፣ ዞሌድሮኒክ አሲድ፣ ዴኖሱማብ የመሳሰሉት። እነዚህ የአጥንትን መታደስ ያዘገያሉ፤ አንዳንድ ሰው ላይ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የመንጋጋ አጥንት ሳይድን ተገልጦ እንዲቀርና እንዲሞት ምክንያት ይሆናሉ። በካንሰር ሕክምና ውስጥ በደም ሥር በከፍተኛ መጠን የሚሰጠው አደጋው ከሁሉ ይበልጣል። መርፌው የተወሰደው ከዓመታት በፊት ቢሆንም ይነገራል። ጭንቅላትና አንገት ላይ የጨረር ሕክምና ያገኘ ሰውም እንዲሁ።

ስኳር ያለበት ሰው የቁጥጥሩ ውጤት ያስፈልገዋል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚያዩት የ3 ወር የደም ስኳር አማካይ የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲን ነው፤ ብዙዎቹ ከ7 ወይም ከ8 በመቶ በታች ሲሆን መሥራትን ይመርጣሉ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይናገር እንጂ በራሱ ፈቃድ አያቁም፤ ድድ ቢደማ ይቆማል፣ ልብ ወይም አእምሮ ውስጥ የሚረጋ ደም ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ሲጋራ መለሳለስ አያስፈልግም። ኒኮቲን ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ጭሱም ቁስሉን ያናድዳል፤ ንቅለ ተከላው ተገልጦ እንዲበላሽ ከሚያደርጉት ታካሚው ራሱ ሊቆጣጠራቸው ከሚችላቸው ምክንያቶች ትልቁ ይህ ነው። ቢያንስ ከ2 ሳምንት በፊት ማቆምና ቢያንስ ለ2 ወር ሳያጨሱ መቆየት ይመከራል። በኤሌክትሪክ የሚጨሰውም ብዙ ጊዜ ኒኮቲን አለው። ማቆም ካልቻሉ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት፤ ዕቅዱን ሊቀይር ይችላል።

የድድ በሽታ ካለ መጀመሪያ ይታከማል። በሚደማና መግል በሚይዝ ድድ መካከል አጥንት መትከል ለባክቴሪያው ቤት መሥራት ነው። ሌሊት ጥርስዎን የሚያፋጩ ከሆነም ይናገሩ።

ደረጃ 4፦ የሚጨመረው ቁስ ከየት እንደሆነ ይወቁ

አራት ምንጭ አለ። የመጀመሪያው የራስዎ አጥንት ነው፤ ከአገጭ ወይም ከታችኛው መንጋጋ የኋላ ጥግ ይወሰዳል፣ ብዙ ሲፈለግ ከዳሌ። ሕያው ሴል ይዞ የሚመጣው እሱ ብቻ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ከሁሉ የተሻለ ሲባል ኖሯል። ጉድለቱ ሁለተኛ ቁስል መክፈቱና በወራት ውስጥ ከራሱ መጠን የተወሰነውን መልሶ ማጣቱ ነው።

ሁለተኛው ከሌላ ሰው የተለገሰ፣ ተመርምሮና ታክሞ የደረቀ አጥንት ነው። ሦስተኛው ከእንስሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከከብት፣ የሚዘጋጀው ነው፤ ሕያው ክፍሉ ሁሉ ወጥቶ ማዕድኑ ብቻ ይቀራል። ይህኛው በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሟሟው፤ ቅንጣቶቹ ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። ይህ እንደ ጉድለት ሲነገር ይሰማል፤ ቅርጽ ይዞ መቆየት በሚፈለግበት ቦታ ለምሳሌ ሳይነስ ውስጥ ግን ጥቅም ነው። አራተኛው ሰው ሠራሽ ነው፤ ቤታ ትራይካልሲየም ፎስፌት የሚባለው በወራት ውስጥ ሲሟሟ፣ ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባለው ግን ይቆያል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ይቀላቅላሉ።

በእምነት ወይም በሌላ ምክንያት ከተወሰነ እንስሳ የመጣ ነገር ሰውነትዎ ውስጥ እንዲገባ ካልፈለጉ፣ ስለ አጥንቱ ብቻ ሳይሆን ስለ መሸፈኛው ሜምብሬንም ይጠይቁ። ብዙዎቹ የኮላጅን ሽፋኖች ከአሳማ ወይም ከከብት ይሠራሉ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከተነገረ ምትክ ማግኘት ይቻላል።

ከታካሚው ክንድ ደም ተቀድቶ በሚሽከረከር መሣሪያ ተለይቶ የሚወጣው ፒአርኤፍም በብዛት ይቀርባል። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ሹክሩን ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ የድዱን መዳን ያግዛል፤ አጥንትን ብቻውን ይተካል ተብሎ ሲሸጥ ግን ተጋኗል።

የእኔ አስተያየት፦ ታካሚ የቁሱን የንግድ ስም እያወዳደረ የሚያጠፋው ጊዜ «በምን ይሸፈናል፣ እንዳይነቃነቅ በምን ይያዛል፣ ድዱስ ሳይወጠር ይገጥማል ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ቢውል ይሻለዋል። በአብዛኛው የሚያከሽፈው ይህ ነው እንጂ ጠርሙሱ አይደለም።

ደረጃ 5፦ የትኛው ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግልዎ ይለዩ

የጎደለው ትንሽ ስፋት ብቻ ከሆነ ኢምፕላንቱ ገብቶ የተጋለጠው ጎኑ በዚያው ቀን በቅንጣትና በሜምብሬን ይሸፈናል። ብሎኑ ራሱ ጸንቶ መቆም ከቻለ ይህ ጊዜ ይቆጥባል። ጸንቶ ካልቆመ ግን አጥንቱ ለብቻው ይሠራል፣ ብሎኑ ከወራት በኋላ ይገባል።

ሜምብሬኑ ለምን አስፈለገ? ድድ ከአጥንት ይፈጥናል። ክፍት ቦታ ካገኘ አጥንቱ ሳይደርስ ድዱ ይሞላዋል። ሜምብሬኑ ድዱን ከልክሎ ቀርፋፋው አጥንት ጊዜ እንዲያገኝ ያደርጋል። የኮላጅኑ ዓይነት ራሱ ይሟሟል። ትልቅ ቅርጽ መያዝ ሲያስፈልግ በታይታኒየም የተጠናከረ ፒቲኤፍኢ (የማይሟሟ ፕላስቲክ መሰል ሽፋን) ወይም የታይታኒየም መረብ ይደረጋል፤ እነዚህ በኋላ ይወጣሉ።

የጎደለው ብዙ ሲሆን የአጥንት ቁራጭ ተቆርጦ በትናንሽ ብሎኖች ይታሰራል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጠባቡ አጥንት ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ይሰፋል።

የሳይነስ ማንሳት ብቻውን መታየት አለበት፤ ብዙ ሰው የሚፈራውም እሱን ነው። ከጎን በኩል፣ ከጉንጩ ሥር፣ አጥንቱ ላይ ትንሽ መስኮት ይከፈታል። ከመስኮቱ ጀርባ ሳይነሱን የሚሸፍነው እጅግ ስስ ቆዳ አለ፤ ሐኪሙ ሳይቀደድ ቀስ ብሎ ያነሳዋል፣ ከሥሩ የተፈጠረውን ቦታ በቅንጣት ይሞላዋል። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ሒልት ታተም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጀመረው፣ ቦይንና ጄምስ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1980 በጽሑፍ ያቀረቡት ሥራ ነው። የቀረው አጥንት 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ብሎኑ በዚያው ቀን ይገባል፤ ከዚያም ቀላል የሆነ፣ ሳመርስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1994 ያስተዋወቀው መንገድ አለ፤ መስኮት ሳይከፈት በብሎኑ ቀዳዳ በኩል ወለሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ይገፋል። ስሱ ቆዳ በቀዶ ሕክምናው መካከል ቢቀደድ ትንሹ ይጠገናል፤ ትልቅ ከሆነ ግን ሐኪሙ አቁሞ ከወራት በኋላ መመለሱ ብልህነቱ ነው። ይህን የሚያደርግ ሐኪም ላይ ቅር አይበሉ።

በዚህ ደረጃ ላይ አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ አይታለፍ፦ «አጥንት ሳይጨመር ሌላ መንገድ አለ?» አጫጭር ኢምፕላንቶች አሉ፤ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው። ብሎኑን አጋድሞ ሳይነሱን ማለፍ ይቻላል። አጥንቱ እጅግ ለጠፋበት ላይኛው መንጋጋ ከጉንጭ አጥንት ላይ የሚታሰሩ ረጃጅም ኢምፕላንቶች አሉ፤ ልዩ ችሎታ ይጠይቃሉ። ድልድይ ወይም ተነቃይ ጥርስም መልስ ነው። ሐኪሙ የእነዚህን ጥቅምና ጉዳት ሳያስረዳ በቀጥታ ወደ ንቅለ ተከላ የሚሄድ ከሆነ ከሌላ ሐኪም አስተያየት መፈለግ ይገባል።

ደረጃ 6፦ የቀዶ ሕክምናው ቀን

በአካባቢ ማደንዘዣ ብቻ የሚሠራ ከሆነ በልተው ይሂዱ፤ የዕለት መድኃኒትዎንም እንደ ታዘዘው ይውሰዱ። የሚያስተኛ መድኃኒት የሚሰጥ ከሆነ ግን የጾም ሰዓቱን ሐኪሙ ይነግርዎታል፤ የሚያጅብዎ ሰውም ያስፈልጋል፤ በዚያ ቀን መኪና አይነዱም። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ቀድሞ እንዲወሰድ ካዘዘ ሰዓቱን ጠብቀው ይውሰዱ። ለአሞክሲሲሊን ወይም ለፔኒሲሊን አለርጂ ካለብዎ፣ ከዚህ በፊት ተናግረው ቢሆንም፣ ሳይጠየቁ እንደገና ለሐኪሙ ይንገሩ።

ከደነዘዘ በኋላ ሕመም ሳይሆን ግፊትና ንዝረት ይሰማዎታል። ድዱ ይከፈታል። ሐኪሙ ጤነኛውን አጥንት በጥቃቅኑ ይበሳዋል፤ ይህ ሆን ተብሎ ነው፣ ደሙና ሴሉ ወደ አዲሱ ቁስ እንዲወጣ። ቅንጣቱ ይቀመጣል፣ ሜምብሬኑ ይለብሳል፣ አንዳንዴም በትናንሽ ምስማር ይያዛል። ከዚያ የድዱ ውስጠኛ ሽፋን ላላ ብሎ እንዲሳብ ተደርጎ ይሰፋል። ብዙ እብጠት የሚያመጣው ይህ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ እብጠቱ ግን ድዱ ሳይወጠር ለመዘጋቱ የሚከፈል ነው። ትንሹ ሥራ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ትልቁ ከ2 ሰዓት ሊያልፍ ይችላል።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ቀን

ጎዙን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ አጥብቀው ይንከሱ። ምራቁ ቀላ ቢል ያለ ነው። በዚያ ቀን አይጉመጥመጡ፣ እንትፍ አይበሉ፣ በስትሮ አይጠጡ፤ ሁሉም አፍ ውስጥ መሳብ ወይም ግፊት ይፈጥራሉ፣ የረጋውን ደም ያላቅቁታል። የረጋው ደም ደግሞ የአዲሱ አጥንት መጀመሪያ ነው።

በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ከውጭ በኩል 15 ወይም 20 ደቂቃ አድርገው ያሳርፉ፤ ለመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ይደጋግሙት። ሲተኙ በሁለት ትራስ ቀና ይበሉ። የሚበሉት ለስላሳና ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ በሌላው ጎን ያኝኩ። አልኮልና የሚያደክም ሥራ ይቆይ። የሕመም ማስታገሻውን ማደንዘዣው ሳይለቅ መጀመር ይረዳል። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ማቅጠኛ ያለበት ሰው አይቡፕሮፌን ከሐኪም ሳይነጋገር አይውሰድ። ለሕመም ብሎ አስፕሪን መውሰድ መድማቱን ያበዛል።

ከንፈርዎን ገልጠው በመስታወት ደጋግመው አይዩት። ጉጉቱ ይገባል፤ ክሩን የሚያላላው ግን ይኸው ነው።

ደረጃ 8፦ እስከ ክር መውጣት

እብጠቱ የሚበረታው በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው። ብዙዎች የሚደነግጡት በዚህ ጊዜ ነው፤ «ትላንት ይሻለኝ ነበር» ይላሉ። ጉንጭና አንገት ላይ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ቀለም ሊወርድም ይችላል። ከ4ኛው ቀን ጀምሮ መቀነስ አለበት።

ከ24 ሰዓት በኋላ ሐኪሙ ያዘዘውን ክሎርሄክሲዲን የሚባል ባክቴሪያ የሚገድል የአፍ ማጠቢያ በኃይል ሳይጉመጠመጡ አፍ ውስጥ ያዟዙሩትና ከአፍ እንዲወርድ ይተዉት። ሌሎቹን ጥርሶች እንደወትሮው ይቦርሹ፣ የተሰፋውን ቦታ ይተዉት። ጥቂት ቅንጣቶች እንደ አሸዋ አፍ ውስጥ ቢገኙ ንቅለ ተከላው ጠፋ ማለት አይደለም። ተነቃይ ጥርስ ካለዎት ሐኪሙ ከሥሩ ሳያስተካክለው አያድርጉት፤ ቦታውን በየንክሻው የሚጫን ነገር መጀመሪያ ላይ የተባሉትን ሦስቱንም፣ ደም ማግኘትን፣ አለመነቃነቅንና ተዘግቶ መቆየትን፣ በአንድ ጊዜ ያፈርሳል። ክሩ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል።

ሳይነስ ለተነሳለት ሰው ተጨማሪ ሕግ አለ። ቢያንስ ለ2 ሳምንት አይናፈጡ። ማስነጠስ ከመጣ አፍዎን ከፍተው ያስነጥሱ፤ አፍንጫን ይዞ ማፈን ግፊቱን በሙሉ ወደ አዲሱ ቁስ ይልከዋል። ፊኛ መንፋት፣ የትንፋሽ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ጠልቆ መዋኘት ይቅር። በአውሮፕላን የሚጓዙ ከሆነ ቀኑን አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአፍንጫ ጥቂት ደም ቢታይ ያጋጥማል።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ የሚደውሉባቸው ምልክቶች፦

- በጎዝ አጥብቀው ነክሰውም የማይቆም ደም
- ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ቀን በኋላ መቀነስ ሲገባው የሚጨምር ሕመምና እብጠት
- ትኩሳት፣ መግል፣ መጥፎ ጣዕም
- ማደንዘዣው መልቀቅ ከሚገባው ሰዓት አልፎ የቀጠለ የከንፈር ወይም የአገጭ መደንዘዝ
- የሚጠጡት ውኃ በአፍንጫ መውጣት
- ድዱ ተከፍቶ ነጭ ሽፋን ወይም ብረት መታየት

ለመተንፈስ ወይም ለመዋጥ ካስቸገረ፣ ወይም እብጠቱ ወደ አንገትና ወደ ዓይን ከሄደ ግን ስልክ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሽፋኑ መታየቱ ሁልጊዜ ውድቀት አይደለም። አንዳንድ ኮላጅን ተገልጦም በንጽሕና ይድናል። የታይታኒየም መረብ ወይም የማይሟሟ ሽፋን ሲገለጥ ግን በሐኪሙ ክትትል ይያዛል፤ አንዳንዴም ቀድሞ መውጣት ይኖርበታል።

ደረጃ 9፦ የሚጠበቁት ወራት

ከሁለት ሳምንት በኋላ ድዱ የዳነ ይመስላል፤ ሰውም የጨረሰ ይመስለዋል። ከሥሩ ያለው ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነው። የተሞላ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር፣ በብሎን የታሰረ ቁራጭ ከ4 እስከ 6 ወር፣ ሳይነስ ደግሞ ከ6 እስከ 9 ወር ይጠይቃል። ልዩነቱ ከቦታው ስፋት፣ ከቁሱ ዓይነትና ከእርስዎ ጤንነት ይመጣል። የእህትዎ በ4 ወር ማለቁ የእርስዎን አይወስንም።

በተቃራኒውም ማዘግየት ጉዳት አለው። በተለይ ከራስ የተወሰደ አጥንት ብሎን ገብቶ ሥራ ካልሰጠው እንደገና መሳሳት ይጀምራል። «ሲመቸኝ እመለሳለሁ» ብሎ ዓመት ማሳለፍ የተሠራውን ማፍረስ ሊሆን ይችላል። ቀጣዩን ቀጠሮ ገና ክሩ ሲወጣ ያስይዙ።

ደረጃ 10፦ ማጣራትና ብሎኑን ማስገባት

ጊዜው ሲደርስ ሌላ ሲቢሲቲ ይነሳል፣ ልኬቶቹ ከመጀመሪያው ጋር ይነጻጸራሉ። የተሠራው አጥንት ከተጠበቀው ካነሰ ሐኪሙ ብሎኑን ሲያስገባ ትንሽ ሊጨምርበት ይችላል። ድዱ ሲከፈት ጤናማ ንቅለ ተከላ ጠንካራና የሚደማ ሆኖ ይገኛል። ቅንጣቱ ልል ሆኖ ከተነቃነቀ ግን ብሎን ማስገባቱ ይቆማል፤ ቦታው ይጸዳል፣ እንዲድን ይተዋል፣ ሥራው እንደገና ይታቀዳል። መክሸፍ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በሩን ለዘለዓለም አይዘጋም።

ብሎኑ ከገባ በኋላ ከአጥንቱ ጋር እስኪጣበቅ ሌላ ጥቂት ወራት ይወስዳል፤ የተጨመረ አጥንት ላይ ሐኪሞች በአብዛኛው ይታገሣሉ። ከድድ በላይ የሚታየው የጥርሱ ዘውድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በመጨረሻም ሰነድ ይጠይቁ። የተጨመረው ቁስና የሜምብሬኑ ስም፣ የምርት ቁጥራቸው፣ የኢምፕላንቱ ሠሪ፣ ውፍረትና ርዝመት ተጽፎ ይሰጥዎ፤ የሁለቱን ሲቢሲቲ ፋይልም ቅጂ ይውሰዱ። ከ10 ዓመት በኋላ ዘውዱን የሚይዘው ትንሿ ብሎን ብትላላና ሌላ ሐኪም ቢያይዎ፣ የሚመጥነውን መፍቻ ለመምረጥ የሚያስፈልገው ያ አንድ ወረቀት ነው።